ቦልድ ፊደል ከየት መጣ? የክላረንደን ነገር

ወርድ ላይ አንድ ቃል ትመርጣላችሁ፣ ከላይ «ቢ» የምትለዋን ምልክት ትጫናላችሁ፣ ፊደሉ ወፈር ይላል። አለቀ። ስለዚህ ብዙ ሰው ቦልድ ማለት ያው ፊደል ትንሽ ቀለም ተጨምሮበት ይመስለዋል።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በሥርዓቱ የተሠራ ቦልድ ራሱን የቻለ የፊደል ስብስብ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ፊደል እንደ አዲስ ስሏታል። ደግሞም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በተንቀሳቃሽ ፊደል ማተም በ1450ዎቹ ከተጀመረ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ አታሚዎች በተራ ጽሑፍ መሀል አንድን ቃል ለይተው የሚያወጡበት፣ ከጽሑፉ ጋር አብሮ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ወፍራም ፊደል አልነበራቸውም። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ እንደተሠራ የሚጠቀሰው ክላረንደን የሚባለው ፊደል ነው። በ1845 ለንደን ውስጥ ወጣ።

ስሙን ሰምታችሁት ባታውቁም መልኩን ታውቁታላችሁ። ሶኒ ቴሌቪዥን ላይ ያለውን አርማ አስቡት። ያ ወፍራም፣ እግሩ ሰፋ ያለ የእንግሊዝኛ ፊደል የክላረንደን ዘር ነው።

እስቲ መጀመሪያ፣ «ሴሪፍ» የሚሉት ምንድን ነው?

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጣችሁ ፊደሎቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር ከታች ሲያልቅ ዝም ብሎ አይቆረጥም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ እግር ያወጣል። ያቺ እግር ሴሪፍ ትባላለች። ታይምስ ኒው ሮማን ሴሪፍ አለው፣ ኤሪያል የለውም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እግሯ ግን አንድ ዓይነት አይደለችም። አንዳንዱ ፊደል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ናት። አንዳንዱ ላይ እንደ ጡብ ወፍራምና ባለ አራት ማዕዘን ናት። ክላረንደን ላይ ወፍራም ናት፣ ግን ከቋሚው መስመር ጋር የምትገናኘው በሹል ማዕዘን ሳይሆን ጎበጥ ብላ ነው። ይህች ጉብጠት ትንሽ ነገር ትመስላለች። ክላረንደን ከባድ ሆኖ ሳለ ሸካራ የማይመስለው ግን ባብዛኛው በሷ ምክንያት ነው።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር በወፍራሙና በቀጭኑ መስመር መካከል ያለው ልዩነት ነው። በብርዕ የጻፈ ሰው ይህን አያጣውም። መቃው ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም ይሰምራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የእኛም የብራና ፊደል እንደዚያው ነው። የፊደል ሠሪዎች ትልቁ ራስ ምታት ይህን ልዩነት ምን ያህል እናድርገው የሚለው ነው።

ክላረንደን ከመምጣቱ በፊት ሰው ቃል የሚያደምቀው በምን ነበር?

በቀለም። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፉ መክፈቻ መስመር በቀይ ይጻፋል። አውሮፓም ብራና ላይ እንደዚሁ ያደርግ ነበር። ኅትመት ሲመጣ ግን ቀይ ቀለም ውድ ሆነ፤ አንዱን ገጽ በጥቁር ካተሙ በኋላ ለቀዩ ደግሞ እንደገና ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጊዜ ይበላል፣ ወረቀቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ደግሞ ቀዩ ቃል ሌላው ላይ ይወጣል።

ሌላው ዘዴ ዘመም ያለው ፊደል፣ ኢታሊክ ነው። ቬኒስ ላይ አልዱስ ማኑቲየስ በ1501 ሙሉ መጽሐፍ አትሞበታል። መጀመሪያ የታሰበው ለማድመቅ አልነበረም፣ በኋላ ነው ለዚያ የዋለው። ትልልቁን ፊደል መጠቀምም ነበር። እነዚህ ሁሉ ልብ ወለድ ለሚያነብ ሰው ይበቃሉ። ዘመም ያለ ቃል ግን ገጹን በዓይኑ እየቃኘ አንድ ነገር ለሚፈልግ ሰው ብዙም አይረዳም። ቀለል ያለ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።

ከዚያ 19ኛው ክፍለ ዘመን ገባ። ለንደን በማስታወቂያ ተጥለቀለቀች። ግድግዳው ሁሉ የሎተሪ፣ የቲያትር፣ የመድኃኒት ወረቀት ተለጠፈበት። ሁሉም ከጎኑ ካለው ይልቅ መጮህ ፈለገ። ፊደል የሚያቀልጡ ድርጅቶችም በዚህ ጊዜ ነው እጅግ የወፈሩ ፊደሎች ማውጣት የጀመሩት። ሆዱ የተነፋ፣ ቀጭኑ መስመር እንደ ክር የሆነ አለ። እንደ ጡብ እግር ያለውም መጣ፤ ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ከዘመተ በኋላ አውሮፓ በግብፅ ነገር አብዶ ስለነበር ይህኛውን «ኢጂፕሽያን» ይሉት ጀመር።

አንዳንድ አታሚዎች እነዚህን የግድግዳ ፊደሎች አንስተው በጽሑፍ መሀል ይሰኩ ጀመር። ውጤቱ አያምርም። ቁመቱ አይገጥምም፣ ስፋቱ አይገጥምም፣ ገጹ ላይ ቀለም የተደፋ ይመስላል።

ክላረንደን ታዲያ ምን አዲስ ነገር አመጣ?

ፋን ስትሪት የሚባል የለንደን ፊደል ማቅለጫ ነበር። ዊልያም ቶሮጉድ የሚባል ሰው በ1820 ገዝቶታል። ገንዘቡን ያገኘው ከሎተሪ ነው ይባላል፤ ስለ ፊደል ሥራ ብዙም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሮበርት ቤስሊ በ1826 እዚያ ገባ፣ በኋላም ሸሪክ ሆነ። ክላረንደንን ያወጣው እሱ ነው። ቅርጹን በብረት ላይ የቀረጸው ግን ቤንጃሚን ፎክስ የሚባል ባለሙያ ነው፤ እንደተለመደው የእጁ ባለቤት ስም ብዙም አይነሳም።

ያን ጊዜ ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ካላወቃችሁ የሥራው ክብደት አይገባችሁም። ቀራጩ የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ አንዷን ፊደል ተገልብጣ እንድትታይ አድርጎ ይቀርጻል። ያ ብረት መዳብ ላይ ይመታል፣ መዳቡ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱ ውስጥ እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ተቀላቅሎ ይፈሳል። የእርሳስ ፊደል ወጣ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ፊደል ነው፣ ለአንድ መጠን። ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ከተፈለገ ቀረጻው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ ሰው ወፍራም ፊደል አወጣ ስንል አንድ ቁልፍ ተጫነ ማለት አይደለም። የወራት ሥራ ነው።

ቤስሊና ፎክስ ያሰቡት ብልህ ነገር ነው። ክላረንደን ብቻውን ውብ ሆኖ እንዲታይ ሳይሆን ከተራው የጽሑፍ ፊደል አጠገብ እንዲቆም ነው የተሠራው። ሲወፍር ቦታ እንዳይበላ ጠበብ ተደረገ። ቀጭኑ መስመር እንደ ክር አልቀጠነም፣ ትንሽ ሥጋ ተሰጠው፤ በትንሽ መጠን ሲታተም እንዳይጠፋ ነው። የትንንሾቹ ፊደላት ቁመት ከፍ አለ፣ ውስጣቸው ያለው ክፍት ቦታ እንዳይደፈን። አንዳንዶቹ ፊደላት ጫፋቸው ላይ ክብ ኳስ አላቸው። እኔ የምወደው እሱን ነው፤ ለዚያ ሁሉ ክብደት ትንሽ ጨዋታ ይጨምርለታል።

ማን ያስፈልገው ነበር? መዝገበ ቃላት የሚያትም ሰው። መዝገበ ቃላት ከላይ እስከ ታች አይነበብም። ትገልጡታላችሁ፣ ዓይናችሁ ዓምዱን ይወርዳል፣ የምትፈልጉት ቃል ጋ ይቆማል። ዋናው ቃል ወፍራም ካልሆነ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል መውጣት የጀመረው ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዋና ዋና ቃላቱን ያተመው በክላረንደን ነው። የዋጋ ዝርዝር፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የስም ማውጫም እንደዚሁ ነው። ተነብቦ የሚያልቅ ሳይሆን ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ያለበት ጽሑፍ ሁሉ ቦልድ ይፈልጋል።

ሌሎቹ አልቀዱትም?

ቀዱት እንጂ! ቤስሊ ይህን ፈርቶ ነበር። እንግሊዝ በ1842 ለጌጣጌጥ ቅርጾች ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አውጥታ ነበርና ክላረንደንን በዚያ ሕግ አስመዘገበው። ችግሩ ጥበቃው የሚቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በ1848 ቀኑ ሲያልቅ ተፎካካሪዎቹ የየራሳቸውን ክላረንደን ይዘው ወጡ። ቤስሊ ተናደደ፣ ግን ምን ያደርጋል። ደግሞ ብዙም የተጎዳ አይመስልም፤ በ1869 የለንደን ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል።

ዛሬም ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በአሜሪካ ሕግ የፊደል ቅርጽ ራሱ የቅጂ መብት የለውም። መብት ያለው ፎንቱ የተጻፈበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ያለ ፈቃድ መቅዳት ሕግ መጣስ ሲሆን፣ መልኩን አይቶ ከባዶ የሚስል ሰው ግን በዚያ ሕግ ብዙም አይያዝም። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው፣ ስማቸው ብቻ የሚለያይ ፎንቶች የሚበዙት።

ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ ካውቦይ ፊልም ውስጥ ምን አገባው?

በእንጨት በኩል ነው የገባው። ለትልቅ ማስታወቂያ የእርሳስ ፊደል አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ይወደዳል። ኒውዮርክ ውስጥ ዳርየስ ዌልስ በ1827 ፊደልን ከእንጨት በማሽን በብዛት መሥራት ጀመረ። በ1834 ደግሞ ዊልያም ሌቨንዎርዝ አንድን ሥዕል እየተከተለ በፈለጉት መጠን የሚቆርጥ መሣሪያ ጨመረበት። ከዚህ በኋላ አንድን ፊደል መለጠጥ፣ ማጥበብ፣ ማስረዘም ቀላል ሆነ።

ክላረንደንም ተያዘ። እግሩን ከቋሚው መስመር የበለጠ አወፈሩት፣ ወገቡን አጠበቡት። «ፍሬንች ክላረንደን» የሚሉት ይህ ነው። ካውቦይ ፊልም ላይ ግድግዳ የሚለጠፈው የተፈላጊ ወንጀለኛ ወረቀት ትዝ ይላችኋል? ላይና ታቹ ከባድ፣ መሀሉ ቀጭን የሆነው ፊደል እሱ ነው። በእውነቱ ዘመን ግን ያ ፊደል የሰርከስ፣ የቲያትርና የጨረታ ማስታወቂያ ሁሉ ሥራ ነበር። ፊልሙ ነው ለሽፍታ ብቻ የሰጠው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክላረንደን አርጅቷል ተባለና ችላ ተባለ። በ1950ዎቹ ግን ተነሣ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኸርማን አይደንቤንዝ በ1953 ሃስ ለሚባለው ድርጅት እንደገና ሣለው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ክላረንደን ብላችሁ የምታገኙት በብዛት ከዚህ የተቀዳ ነው። በ1955 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፍሪማን ክሮው የራሱን አወጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች የመንገድ ምልክቶቻቸውን ለብዙ ዓመት በክላረንደን ነበር የሚጽፉት፤ ቡናማ ሰሌዳ ላይ ነጭ ወፍራም ፊደል። በኋላ ሮሊንሰን በሚባል ለነሱ በተሠራ ፊደል ተካውት፤ ሲነዱ ከሩቅ እንዲነበብና የሰሌዳው መጠን እንዲያንስ ተብሎ ነው። ሶኒ ደግሞ አሁን ያለውን አርማ የያዘው በ1973 ነው።

ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው አይደል? አንዱ የመቶ ዓመት መጠጥ ቤት ያስመስላችኋል፣ ሌላው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ። ምስጢሩ ክብደቱ ላይ ነው። ወፍራም እግር ያለው ፊደል የተረጋጋና የማይነቃነቅ ይመስላል። ያ ስሜት ለባንክም፣ ለቢራም፣ ለመናፈሻም ያገለግላል።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ ቢያወፍረው ምን ችግር አለው?

ፎንት ስትጭኑ ብዙ ጊዜ የሚገባው አንድ ፋይል አይደለም። መደበኛው አንድ ነው፣ ቦልዱ ሌላ። ክብደታቸው በቁጥር ይገለጻል፤ መደበኛው 400፣ ቦልዱ 700 ነው። «ቢ»ን ስትጫኑ ፕሮግራሙ 700ውን ይፈልጋል። ካገኘው እሱን ያመጣል። ካጣው ዝም አይላችሁም፣ መደበኛውን ወስዶ ዳር ዳሩን በቀለም ያሳብጠዋል ወይም ትንሽ አንቀሳቅሶ ሁለቴ ይደራርበዋል። ቀጭን ሰው ሦስት ጋቢ ቢደራርብ ከሩቅ ወፍራም ይመስላል፣ ግን ጡንቻ አላወጣም። የውሸት ቦልድም እንደዚያው ነው።

ሰው የሣለው ቦልድ ምን ለየው? ቋሚው መስመር በደንብ ይወፍራል፣ አግድሙ ግን ጥቂት ብቻ። ፊደሉ ወደ ጎን ሰፋ ይላል፣ ውስጡ ያለው ክፍት ቦታ እንዲተነፍስ። ሁለት መስመር የሚገናኝበት ቦታ ቀነስ ይደረጋል፣ ቀለም እንዳይጠራቀም። በፊደሎቹ መካከል ያለው ርቀትም እንደገና ይለካል። ፎክስ በ1845 በእጁ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይህን አያስብም፣ ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ያሳብጣል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ፊደል ምን ይጨምርለታል?

ብዙ። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ለይቶ ለማሳየት ትልቅ ፊደል አለው፣ ኢታሊክ አለው፣ ቦልድ አለው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ማዝመምም በባህላችን የለም፤ ኮምፒውተሩ ሲያዘመው ፊደሉ የሚወድቅ ይመስላል። ቀይ ቀለምም በቢሮ ደብዳቤ አይሆንም። የቀረን ማስመርና ቦልድ ነው። ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር እስከ ዛሬ ከሥሩ የሚሰመርበት ከጽሕፈት መኪና ዘመን በወረስነው ልማድ ነው፤ መኪናዋ ማወፈር አትችልምና።

ስለዚህ ቦልድ የሚያስፈልገን እኛን ከነሱ ይልቅ ነው፣ ያለን ግን ጥቂት። ለብዙ ዓመት ከዊንዶውስ ጋር ሲመጣ የነበረው ኒያላ አንድ ክብደት ብቻ ነው ያለው። የብራናውን መልክ ጥሩ አድርጎ የያዘው አቢሲኒካም አንድ ነው። እነሱ ላይ «ቢ» ስትጫኑ የምታዩት የውሸቱን ነው።

እና የእኛ ፊደል ማሳበጥን ከላቲኑ ያነሰ ነው የሚችለው። ልዩነቱ ሁሉ ትንንሽ ነገር ላይ ነዋ። «ፀ»ን እዩት፣ ክብ ሆኖ መሀሉ ላይ አንዲት መስመር አለችው። «ዐ» ደግሞ ባዶ ክብ ነው። ሁለቱም ካበጡና ክፍቱ ከተደፈነ ሁለት ጥቁር ነጥብ ናቸው። «ሴ» እና «ቤ» እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበትም ቶሎ ትደፈናለች። አንባቢው ከዐውደ ንባቡ ይገምታል እንጂ ፊደሉን አያነብም። ፎቶኮፒ በፎቶኮፒ የተባዛ የፈተና ወረቀት ርዕስ ለምን ጥቁር ጉንዳን እንደሚመስል አሁን ገባችሁ።

እውነተኛ ቦልድ ያላቸውም አሉ። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፣ ከ100 እስከ 900 ክብደት አለው፣ የብዕሩን ቅጥነትና ውፍረትም ይዟል። ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ለሚያሰናዳ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ኢብሪማም ለብቻው የተሠራ ቦልድ አለው፤ ግን እግር አልባ ስለሆነ ለመጽሐፍ ትንሽ ይደርቃል።

የት ልጠቀመው፣ የትስ ልተወው?

ለእንግሊዝኛ የምግብ ዝርዝር፣ ምልክት ወይም አርማ የክላረንደን ዓይነት ፊደል ከፈለጋችሁ «ቤስሊ» የሚባል ነፃ ፎንት ጉግል ፎንትስ ላይ አለ፤ በሰውየው ስም የተሰየመ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የለውም። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ከሆነ ቤስሊን ከኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ 700 ጋር አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ክብደታቸው ይቀራረባል፤ የአንዱን መጠን ትንሽ ማስተካከል ብቻ ሊያስፈልግ ይችላል።

ርዕስ፣ የመዝገበ ቃላት ቃል፣ የሠንጠረዥ ራስ፣ ዋጋ፣ ማስጠንቀቂያ፦ ቦልድ። ሙሉ አንቀጽ ግን በፍጹም። ቴሌግራም ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቦልድ አድርገው የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ቃል ከጮኸ አንዱም አይሰማም፣ ዓይንም ይደክማል።

ፎንታችሁ የያዘው ቦልድ እውነተኛ ይሁን የውሸት ለማወቅ «ፀሐይ ዐይን ሴት ጤና» ብላችሁ ጻፉ። አንዱን መስመር መደበኛ፣ ሌላውን ቦልድ አድርጉና በ9 ነጥብ መጠን ወረቀት ላይ አትሙት፤ ስክሪን ላይ ማየት ይሸውዳል። የ«ፀ» መሀል መስመር ለብቻዋ ካልታየች ወይም የ«ሴ» ቀለበት ከተደፈነች ውሸት ነው። ያን ጊዜ «ቢ»ን ተዉትና ፎንቱን ቀይሩ። መቀየር ካልተቻለ ደግሞ ርዕሱን መደበኛ አድርጋችሁ መጠኑን ሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ አድርጉለት፣ ከላይና ከታችም ክፍት ቦታ ተዉለት።